ባለጎማ ሻንጣ
ዛሬ ከባድ ሻንጣ በአንድ እጄ እየጎተትኩ፣ በሌላው ስልኬን እየነካካሁ ስሄድ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው ጨረቃን የረገጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ የሻንጣ ኩባንያ ኃላፊ ለባለጎማ ሻንጣ ፓተንት ያገኘው ግን በ1972! (ከሱ በፊትም የሞከሩ ነበሩ፣ ሰሚ አላገኙም እንጂ።)

ሰውዬው ከቤተሰቡ ጋር ከእረፍት ሲመለስ ሁለት ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ እያለከለከ ሳለ፣ አንድ ሠራተኛ ትልቅ ማሽን ጎማ ባለው ነገር ላይ ጭኖ ያለ ድካም ሲገፋ ያያል። በቃ፣ ሐሳቡ ይሄው ነው። ሱቆች ግን መጀመሪያ አልፈለጉትም። ወንድ ልጅ ሻንጣ ይሸከማል እንጂ ይጎትታል እንዴ! ለኩራት ሲባል ወገብ ይቀጠፍ።

ያም ቢሆን በማሰሪያ የሚጎተት ነበር። ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ እጀታው የሚመዘዘውን ያመጣው በ1987 ሮበርት ፕላዝ የተባለ ፓይለት ነው። መጀመሪያ የገዙትም የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ተሳፋሪው እነሱን አይቶ ቀናና ተከተለ።

መንኮራኩር ስንት ሺህ ዓመት አብሮን ኖሯል፣ ሻንጣም አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬስ ዓይናችን ሥር ሆነው ገና ያልተገናኙ ሁለት ዕቃዎች የትኞቹ ይሆኑ? የጠረጠራችሁት ካለ ሹክ በሉኝ፣ ፓተንቱን እኩል እንካፈላለን።