ስልኬ ለማን ይናገራል?

ባለፈው ጥቅምት የታካሚዬ ቤት ቁልፍ ጠፋኝ። ሥራዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ሴትየዋ አልጋ ላይ ናቸው፣ ተነሥተው በር መክፈት አይችሉም። በራቸው ላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ።

ደግነቱ ቁልፉ ላይ ታግ፣ ማለትም የጠፋ ዕቃ በስልክ የሚፈለግበት ትንሽ መሣሪያ፣ አንጠልጥዬ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ሳይ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ኮለስቪል ሮድ ላይ ነበር ይላል። ቆይቼ ሳየው ደግሞ ርቋል። አውቶቡስ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው! መጨረሻው ፌርማታ ላይ ጠብቄ ከሹፌሩ እጅ ተቀበልኩ።

ታጉ ሲም የለውም፣ ጂፒኤስም የለውም። በብሉቱዝ ምልክት ይለቃል፣ በቃ። አጠገቡ ያለ የማንም አንድሮይድ ስልክ ምልክቱን ሲያገኝ ቦታውን ቆልፎ ወደ ጎግል ይልካል። የተቆለፈውን መክፈት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እንደረዱኝ አያውቁም፣ እኔም አላውቃቸውም። እግዜር ይስጥልኝ።

ውለታውን መመለስ ፈለግኩ። ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ስልኬ «ሰው በሚበዛባቸው ቦታዎች ብቻ» የሚለው ላይ ነው። ጎግል ይህን ስልኮች ዕቃ የሚያፈላልጉበትን ኔትወርክ በ2024 ሲጀምር እንዲህ አድርጎ ነው ያወጣው። በዚህ ምርጫ ብዙ ስልኮች ካላዩት የታጉ ቦታ ለባለቤቱ አይነገርም። እኔ ደግሞ የምውለው ጭር ባሉ ሰፈሮች ነው። እዚያ ዕቃ የጣለ ሰው ካለ በአጠገቡ የሚያልፈው የእኔ ስልክ ብቻ ሊሆን ይችላል ብዬ «በሁሉም ቦታ» አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ጓደኛዬ ከባሏ ተለያይታ እኔ ጋ አረፈች። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን ስልኳ ማስጠንቀቂያ አመጣ፤ የማታውቀው ታግ አብሯት እየተጓዘ ነው። ድምፅ እንዲያሰማ አዝዘነው መኪናዋን ፈተሽን። የኋላ ወንበር ሥር በፕላስተር ተለጥፎ አገኘነው።

እጄ ተንቀጠቀጠ። መኪናዋ የምታድረው መስኮቴ ሥር ነው። በዚያ መንገድ ማታ ሰው አያልፍም፤ ስልኬ ግን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነው። «እዚህ ናት» ብሎ የነገረው የእኔ ስልክ ይሆን? ማወቅ አልችልም። ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ መቆለፍ የሚጠብቀው እኔን፣ መንገደኛዋን ነው። ክትትል የሚደረግባትን ሴት አይደለም።

ታጉን ስልክ ጀርባ ላይ ስናስጠጋው ሴሪያል ቁጥሩ ወጣ። ፎቶ አንሥታ ለፖሊስ ወሰደችው።

ኔትወርኩን አላጠፋሁትም፣ ያን ቀን በር ላይ የቆምኩትን አልረሳም። ግን ወደ «ሰው በሚበዛባቸው» መለስኩት። የቤቴንም አድራሻ ጎግል አካውንቴ ላይ አስገባሁ፤ ያኔ ስልኩ ቤቴ አካባቢ ያየውን ታግ አይጠቁምም። ዝም እንዲል አድራሻዬን መስጠቴ ደስ አላለኝም። ሰጠሁ።

ጓደኛዬ ሌላ ቤት ገብታለች። አድራሻዋን በቴክስት አልላከችልኝም። መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ።