ጌጁም ዋሽቷል፣ ሞተሩም ግሏል

የጀልባዋ ካፒቴን ዕድሜያቸው ጠና ያለ፣ ሞተራቸውን በድምፁ የሚያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ወርክሾፕ መጡና «ልጄ፣ የሙቀት ጌጁ 110 እያሳየኝ ነው፤ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ይብስበታል» አሉኝ። እኔም ደብተሬ ላይ «ጌጅ፣ 110» ብዬ ጻፍኩ። የፍጥነቱን ነገር አልጻፍኩትም።

ጀልባዋ ባለ አንድ ናፍጣ ሞተር ናት። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ለብቻው ነው፤ እሱን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ከውጭ የሚሳበው ውሃ ነው። መኪና በራዲያተርና በነፋስ የምትሠራውን ጀልባ በዚህ የውጭ ውሃ ትሠራዋለች። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ክብ ነገር አለ። ውሃው በሙቀት መለዋወጫው ቱቦዎች ያልፍና መጨረሻ ላይ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ በጀልባዋ ኋላ ይወጣል።

ጀልባዋ እንደታሰረች ሞተሩን አስነሳሁት። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው በዝቅተኛው ዙር፣ ሩብ ሰዓት ሠራ። መርፌው እውነትም ወደ 110 ወጣ። ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትሬን አውጥቼ የውስጡን ውሃ ፍሰት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ያለበትን ቤት ስለካው ግን 78 ነው። መብራት አበራሁ፤ መርፌው ብድግ አለ። ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ ስጨምርበት ይባስ ወጣ። ሞተር መብራት በበራ ቁጥር በቅጽበት አይግልም። ይህ የኤሌክትሪክ ችግር ነው።

በዚህ በኩል ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። ሞተሩ ላይ ሆኖ ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረውን ሴንሰር ሽቦ ነቀልኩት፤ መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ወረደ። ሽቦውን ሞተሩ ላይ ሳስነካው እስከ መጨረሻው ወጣ። ስለዚህ ሽቦው አልተቆረጠም፣ ጌጁም አልሞተም። ሴንሰሩን ፈትቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩና ውሃው እየበረደ ሲሄድ በቴስተር ለካሁት። እንዲህ ያለው ሴንሰር ሲሞቅ ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ፣ ይቀንሳል። የአውሮፓው ዓይነት በ40 ዲግሪ 290 ኦም አካባቢ ነው፤ በ120 ወደ 22 ይወርዳል። የአሜሪካው ከ450 አካባቢ ተነስቶ ወደ 30 ይደርሳል። አንዱን ከሌላው ጌጅ ጋር ያጋጠመ ሰው ሁለቱም አዲስ ሆነው እንኳ ውሸት ያነባል። የእኛው ግን ከጌጁ ጋር ይስማማል፣ ደህናም ነበር። መልሼ ሳስረው በሚጠብቅበት ጥርሱ ላይ ቴፕ አልጠቀለልኩም። ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መንገድ፣ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፕ በበዛበት ቁጥር ንባቡ ይበላሻል።

በሽታው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተገኘ። የጌጁ ማሳ ሽቦ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ጠርጌ፣ አዲስ ጫፍ አስገብቼ አጠበቅሁት። መርፌው 80 ላይ ቁጭ አለ። ደስ አለኝ። «ጋሼ፣ ሞተርዎ ጤነኛ ነው፤ የዋሸው ጌጁ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወሉ። «ልጄ፣ 105 ገባ፤ ሞልተን እየሄድን ነው» አሉ። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ «አይጨነቁ፣ ማሳው ላልቶ ይሆናል፤ ቀስ ብለው ይምጡ» አልኳቸው። ይህን መልስ ሳስታውስ ዛሬም ይከፋኛል። ጀልባዋ ላይ ሰዎች ነበሩ። ጌጁ ያን ቀን እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ ያላመንኩት እኔ ነኝ።

እሳቸው ስልኩን ዘግተው ወደ ኋላ ተመለከቱ። በጭስ መውጫው የሚወጣው ውሃ ቀጥኗል። በምትኩ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፣ የጎማ ሽታም አለ። ወዲያው አላርሙ ጮኸ። እኔን ባይሰሙኝ ይሻላል ብለው ሞተሩን አጠፉና መልሕቅ ጣሉ። ሌላ ጀልባ ጎትቶ አመጣቸው። ቴስታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ያዳነው ይህ ውሳኔያቸው ነው። ፈትቼ ሳየው አልተጣመመም፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም አልተበላም። የጭሱ የጎማ ቱቦ ግን ውስጡ ከስሏል።

የውጭ ውሃ ሲያንስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ቱቦ ነው። ከጭሱ ጋር የሚቀላቀለው ውሃ ነው ከቃጠሎ የሚጠብቀው። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ግን ለመሞቅ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ መርፌው ሲወጣ ኋላ ያለው ጎማ ቀድሞ መቃጠል ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። የውስጡ ውሃ ፈስሶ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ሞተሩ እየነደደ። አላርሙ በብዙ ሞተሮች ላይ የራሱ ማብሪያ ያለው፣ ከጌጁ የተለየ መስመር ነው። መርፌውና አላርሙ አንድ ነገር ሲሉ ሁለት ምስክር ቆመ ማለት ነው። እኔ ግን በስልክ «አላርሙስ?» አላልኩም። «ኋላ ውሃ ይወጣል ወይ?» ብዬም አልጠየቅኩም።

ፓምፑን ስፈታ ኢምፔለሩ ካሉት 6 ክንፎች 2ቱ የሉም። በሚኒሞ በቀሩት 4 ክንፎች የሚሳበው ውሃ ይበቃል፤ 78 የለካሁት ለዚህ ነው። ጭነትና ፍጥነት ሲመጣ ግን ሙቀቱ ይበዛል፣ ውሃው አይበቃም። ካፒቴኑ መጀመሪያ ቀን የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። ማሳ የዛገበት ጌጅ ደግሞ የጀልባዋን ጭነት አያውቅም። ገመዷን ፈትቼ አብሬያቸው 20 ደቂቃ በሙሉ ኃይል ብሄድ ኖሮ ቴርሞሜትሬ ያሳየኝ ነበር።

የጎደሉትን ክንፎች ሳላገኝ አዲስ ኢምፔለር አላስገባም አልኩ። የተቆረጠ ጎማ የትም አይጠፋም፤ ውሃው ገፍቶ ጠባብ ቦታ ላይ ይሰነቅረዋል። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የሙቀት መለዋወጫውን ክዳን ስከፍት ሁለቱ ክንፎች አፉ ላይ ተለጥፈዋል። አወጣኋቸውና ጠረጴዛ ላይ ከኢምፔለሩ ጋር ገጠምኳቸው፤ ልክክ አሉ።

ከእነሱ ሥር ግን ሦስተኛ ቁራጭ ነበር። ደርቆ እንደ እንጨት የጠነከረ ጎማ ነው። ከኢምፔለሩ ጋር ባዞረውም ባገላብጠውም የትም አልገጠመም። ለካፒቴኑ አሳየኋቸው። በእጃቸው ይዘው ቆዩና «ባለፈው ዓመት ኢምፔለሩን አስቀይሬ ነበር» አሉ። «ፍጥነት ስጨምር መሞቅ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።»