ብራይ፦ መጀመሪያ ፍሙ
ዛሬ ጆሃንስበርግ፣ አንድ ግቢ ውስጥ እንጨቱ ገና እየተንቦገቦገ አንዱ እንግዳ ቋሊማውን ፍርግርጉ ላይ ሊጥል ሲል የግቢው ባለቤት መቆንጠጫውን ከእጁ ወሰደበት። «ቆይ፣ ገና ነው!»

ልክ ነው። ብራይ፣ ይህ የደቡብ አፍሪካውያን የፍም ጥብስ፣ በአገሩ ቋንቋ በአፍሪካንስ መጥበስ ማለት ቢሆንም በነበልባል አይጠበስም። ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ 45 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። መዳፍን በፍርግርጉ ከፍታ ይዞ መቁጠር ነው፤ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ካስቻለ ለቋሊማው ደርሷል። ከዚያ በፊት ከተጣለ ቆዳው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ቡረቮርስ የሚሉት ይህ እንደ እባብ የተጠቀለለ፣ ድንብላል ድንብላል የሚል ቋሊማ በሹካ አይወጋም። ከተወጋ ስቡ ፍሙ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቱ ይነሣል፣ ጥላሸቱ ሥጋው ላይ ያርፋል፤ ምረቱ አይጣል ነው!

በጋዝ የሚጠብስም አለ። እሱን ብራይ ብሎ መጥራት ግን ብዙዎቹን ይተናነቃቸዋል።