የ«ቀኛዝማች ቤት» የማን ነበረች?

በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለችውን ባለ ሰገነት አሮጌ ቤት ታሪክ ላጠና ስነሳ መልሱ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነበር፦ የቀኛዝማች ቤት ናት፣ የሠራት ጣልያን ነው። በየከተማው ሰገነት ያለው ቤት ሁሉ «ጣልያን የሠራው» ሲባል ስለኖርኩ ወሬውን አቆይቼ ከወረቀት ጀመርኩ።

የወረቀቱ በር 1967 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወ። ከተወረሱት ውስጥ ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር የማያልፈው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ቤቷ በየት በኩል እንደሄደች ካወቃችሁ ማህደሯን የት እንደምትጠይቁ አወቃችሁ ማለት ነው። ይቺኛዋ የቀበሌ ነበረች። መዝገብ ቤት ደግሞ ባለጉዳይ ላልሆነ ሰው ፋይል አያወጣም፤ ከወራሾቹ ውክልና ይዤ ሄድኩ። ማህደሩ ቀጭን ነው፦ የኪራይ ውል፣ ጣሪያው ያፈሳል የሚል አቤቱታ (ዛሬም ያፈሳል)፣ የርክክብ ፊርማ።

ዋናው ነገር የተገኘው ከወራሾቹ ሳጥን ነው። በላስቲክ የተጠቀለሉ የግብር ደረሰኞች፣ ከሥራቸው ደግሞ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ የግዢ ውል፤ ማኅተሙ ወይን ጠጅ፣ ከግርጌው የእማኞች የጣት አሻራ። ገዢዋ ወይዘሮ ናቸው። ቀኛዝማች የሚባል ስም የለበትም። ውሉ የተጻፈው ጣልያን ከመግባቱ በፊት ሲሆን ቤቷ «ከነሰገነቷ» ተሸጠች ይላል። ይህን ለጎረቤት እናት ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «ቀኛዝማች እኮ በጋብቻ ነው የገቡት፣ ልጄ!»

ደረሰኝ ግብር መከፈሉን እንጂ ባለቤትነትን አይመሰክርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1195 ባለቤት ነው ብሎ የሚገምተው አስተዳደሩ የሰጠውን የባለቤትነት ማስረጃ የያዘውን ነው። አሮጌ ውል ላይ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አዋሳኙ ነው። የቤት ቁጥር ባልነበረበት ዘመን ቦታ የሚታወቀው በጎረቤት ነውና፣ «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ መንገድ» የሚለውን ይዤ የአዋሳኞቹን ልጆች ጠየቅኩ። በአንደኛው ቤተሰብ ውል ውስጥ የወይዘሮዋ ስም በአዋሳኝነት ተጠቅሶ ሳገኝ ነገሩ ለየለት።

ወራሾቹ ታሪኩን እንደሰሙ የጠየቁኝ «ታዲያ ትመለስልናለች?» ብለው ነው። ታሪክ ማጥራትና ቤት ማስመለስ ለየቅል ናቸው። አዋጅ ቁጥር 110/1987 የሚያየው ከአዋጅ ውጪ የተወሰደ ንብረትን ነው፤ በ47 መሠረት በትርፍነት የተወረሰ ቤት የድሮ ውል ስለተገኘ ብቻ አይመለስም። ወይዘሮዋ ደግሞ ሌላ መኖሪያ ቤት ነበራቸው።