በጡረታ ዕድሜ ሙዚቃን ፊት ለፊት መስማት፦ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

አብዮቱ ሲፈነዳ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደርግ ሲወድቅ 34 ሞልቶኛል። በመካከሉ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነበረባት። ዋልያስ ባንድን ሂልተን፣ አይቤክስን ራስ ሆቴል፣ ዳህላክን ግዮን ሆቴል ሄዶ መስማት የፈለገ ሰው ወይ በጊዜ ወጥቶ ወደ ቤቱ መሮጥ፣ ወይ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ማደር ነበረበት። ባደግኩበት ቤት ሴት ልጅ ውጭ ማደሯ የማይታሰብ ስለነበር ሁለቱም አልሆነልኝም። ከዚያ ጋብቻው፣ ልጆቹና የሒሳብ ሥራዬ ተከታትለው መጡ፤ ሙዚቃን የማውቀው በሬዲዮና በካሴት ብቻ ሆኖ ቀረ። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ መድረክ ላይ አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ሽለላን በሳክስፎን ያናገረው ጌታቸው መኩሪያ በ2008 ዓ.ም. ሲሞትም እንዲሁ። አንዱ ሲቀር ሌላውን «ለከርሞ» እያልኩ ነው ያመለጡኝ፤ ለዚህ የምወቅሰው ራሴን ብቻ ነው።

በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ ከእንግዲህ ለከርሞ የሚባል ነገር የለም ብዬ ወሰንኩ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቼም የየራሳቸው ቤት አላቸው። የሚያግደኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ከትልቁ መጀመሬ ነው። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ስመ ጥር ድምፃዊ በአንድ ሰፊ አዳራሽ እንደሚዘፍን ሰማሁና፣ የወር ጡረታዬን ሲሶ ያህል አውጥቼ የፊት መደብ ቲኬት ገዛሁ። ፊት ከሆንኩ በደንብ አያለሁ፣ በደንብም እሰማለሁ ብዬ ነው። ቲኬቱ በሩ ከቀኑ 10 ሰዓት እንደሚከፈትና ዝግጅቱ 12 ሰዓት ላይ እንደሚጀመር ይናገራል፤ አዘጋጆቹም ተመልካቾች ቀደም ብለው እንዲገኙ አጥብቀው ያሳስቡ ነበር። የታዘዝኩትን የማደርግ ሰው ነኝና ልክ በ10 ሰዓት በሩ ላይ ተገኘሁ። በሩ የተከፈተው 1 ሰዓት ሲሆን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ መቀመጫ በሌለበት፣ በቆርቆሮ አጥር ሥር ቆምኩ።

ስኳር ሕመምተኛ ስለሆንኩ በቦርሳዬ ግማሽ ዳቦና አንድ ውኃ ይዤ ነበር። ፈታሿ ዳቦውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ከጎኗ ወዳለው ካርቶን ጣለችው፤ ውኃውን አስከተለች። «ልጄ፣ ይኼ መድኃኒቴ ነው፤ መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ» ብላት ቀና ብላም አላየችኝ። አለቃዋን አስጠሩልኝ አልኩ። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት መጣና «እማማ፣ መመሪያ ነው፤ ውስጥ ይሸጣል» አለኝ። የሐኪም ካርዴን አሳየሁት። ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን ካየ በኋላ መለሰልኝና «ከፈለጉ ወጥተው በልተው ይመለሱ» አለ። ሦስት ሰዓት የቆምኩበትን ሰልፍ ማለቱ ነው። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ካርዱን ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፣ እርሱ ግን ያነበበው ባዶውን ጀርባውን ነው። እኔም መመለስ ሲገባኝ ገባሁ።

ውስጥ ወንበሬ የለም። በቲኬቴ ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ወንበሮቹ ግን ቁጥር የላቸውም፤ ቀድሞ የደረሰ ተቀምጧል። አንድ አስተናጋጅ አዝኖልኝ የፕላስቲክ ወንበር አመጣና መድረኩ ጥግ፣ ከእኔ ቁመት ሁለት እጥፍ ከሚሆን የድምፅ ማጉያ ሥር አኖረኝ። ደኅና ቦታ የሰጠኝ መስሎት ነበር። ማስተዋወቂያው፣ ምስጋናው፣ የወጣት ዘፋኞቹ ተራ እያለ ሰዓቱ ነጎደ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ እጄ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ጀርባዬን ማጥመቅ ጀመረ። ስኳሬ መውረዱን አውቄዋለሁ፤ መሸጫው ግን በአዳራሹ በሌላኛው ጫፍ፣ ከሺህ ሰው ትከሻ ማዶ ነበር። ያዳነችኝ አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ልጅ ናት። ፊቴን አይታ «እናቴ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝና ሕዝቡን ሰንጥቃ ሄዳ አንድ ለስላሳ ይዛልኝ መጣች። ጠርሙሱን ከንፈሬ ላይ የያዘችልኝ እርሷ ናት፤ እጄ መያዝ አቅቶት ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ድምፃዊው መድረክ ላይ የወጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ድምፅ ደረቴን የሚደበድብ ጉርምርምታ ሆኖ ደረሰኝ፤ አንዲት የግጥም ቃል አልለየሁም። ሁለት ዘፈን ሰምቼ ወጣሁ። ጆሮዬ ለአራት ቀን ጮኸ፣ የግራው እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት ይጮሃል።

ያየኝ ሐኪም የሰጠኝ ምክር አጭር ነበር፦ «በእርስዎ ዕድሜ ሙዚቃ ቤትዎ ሆነው በቴሌቪዥን ቢከታተሉ ይሻላል።» ልጆቼም ይህንኑ ደገሙልኝ። ታዘዝኩ። ኮሮናውም ተጨመረና ሁለት ዓመት ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ዓለማየሁ እሸቴ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ያረፈው በዚያ መካከል ነው። የዚያን ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ብዙ አለቀስኩ። እርሱን እንኳ ጡረታ ላይ ሆኜ፣ ጊዜም አቅምም ኖሮኝ ነው ያጣሁት።

እውነተኛውን ምክር ያገኘሁት በኋላ፣ የመስማት ችሎታዬን ከለካችልኝ ባለሙያ ነው። ጆሮን የሚጎዳው የድምፁ ኃይልና የምንቆይበት ጊዜ አንድ ላይ እንደሆነ አስረዳችኝ። 85 ዴሲቤል ድምፅ 8 ሰዓት ቢሰማ ብዙ አያሠጋም፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ግን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጸጉር መሰል ሕዋሶች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ በእኔ እምነት ለሽማግሌ መሰጠት ያለበት ምክር «አትሂድ» ሳይሆን «ከማጉያው ራቅ» ነው። የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ገዝቼ ሁልጊዜ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ ስልኬም ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ አስጭኛለሁ። ትልቅ አዳራሽ መግባት ግድ ከሆነብኝ የምቀመጠው ድምፁን የሚያስተካክለው ባለሙያ ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ እርሱ ሙዚቃውን የሚያመዛዝነው በዚያ ቦታ በሚሰማው ልክ ነውና። ቀድማችሁ ኑ የሚለውን ማሳሰቢያ ከእንግዲህ አልሰማም፤ ውስጥ ያለ ሰው ደውሎ ዋናው ሰው ሊወጣ ነው ሲለኝ ከቤቴ እነሣለሁ። ዳቦዬን ግን አሁን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነው የምገባው፤ ማንም ቢቆጣ አላፍርበትም።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን ዘፋኝ ሳይሆን ቤት መምረጥን ነው። ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተተከለ ስለሆነ ቦታዬን የሚወስድብኝ የለም። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲጫወቱ መስማት ደግሞ ለእኔ ከማንም ስመ ጥር ይበልጥብኛል፤ አንድ ልጅ ክራሩን ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ሲቃኝ፣ ጣቱ ክሩን ሲያጠብቅና ሲያላላ ከሁለት ሜትር ርቀት አይቻለሁ። በዓቢይ ጾም ዘፈን ስለማልሰማ በገና ወዳለበት እሄዳለሁ። በገና ድምፅ ማጉያ አይፈልግም፤ ያ የሚነዝረው ድምፅ በአሥሩ አውታሮች ሥር ከሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዝራው የሚመጣ መሆኑን ያወቅኩት አጠገቡ በመቀመጤ ነው።

አዝማሪ ቤት ግን የሁሉም ቁንጮ ነው። ካዛንቺስ የነበሩት አብዛኞቹ በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ፈርሰዋልና አሁን ያሉበትን ጠይቆ መሄድ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይበዛ ሂዱ። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ፤ የሚወስዳችሁንም ታክሲ ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ባለፈው ወር እንዲህ ባለ ምሽት ከአምስት ሰው ጋር ተቀምጫለሁ። አዝማሪው ከኪሱ ትንሽ የዕጣን ቁራጭ አውጥቶ የደጋኑን ጭራ አሻሸበትና፣ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ወደ እኔ ዞረ። ከቤት ያዘጋጀሁት ግጥም ነበረኝ፤ ተቀበል አልኩት፦

ሰዓት እላፊውን ስጠባበቅ ኖሬ፣
ሌሊቱ ነጋብኝ መጣሁልህ ዛሬ።

ደጋኑን አቁሞ አየኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በትዝታ ሦስት ጊዜ መለሰልኝ፤ እያንዳንዷን ቃል ሰማኋት።