ሆልምፈርዝ፦ የኖራ ባቲ ደረጃ

በሰሜን እንግሊዝ ባለችው ትንሽ ከተማ በሆልምፈርዝ ባቡር አይገባም። መስመሩ ለመንገደኛ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ስለዚህ ከማንቸስተርም ይምጡ ከሊድስ፣ ሃደርስፊልድ ላይ ወርደው አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው። አውቶቡሱ የሆልምን ወንዝ ሸለቆ ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ዝናብና የፋብሪካ ጭስ ያጠቆራቸው የድንጋይ ቤቶች ዳገቱ ላይ ተደራርበው ይታያሉ። ሶሉ ያለቀ ጫማ ይዞ መምጣት አያዋጣም። እዚህ አገር ዝናብ ቀጠሮ የለውም፣ የድንጋዩ ደረጃ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ያንሸራትታል።

እዚህ የሳበኝ የእንግሊዛዊቷ ተዋናይ የካቲ ስታፍ ሥራ ነው። ቢቢሲ እዚሁ ሆልምፈርዝ ቀርጾ ከ1973 እስከ 2010 ባሳየው «ላስት ኦፍ ዘ ሰመር ዋይን» በተባለው አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ላይ ኖራ ባቲን የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። ደራሲው ሮይ ክላርክ 295ቱንም ክፍሎች ብቻቸውን ጽፈዋል። ታሪኩ ሥራ ፈትተው ኮረብታ ለኮረብታ ስለሚንከራተቱ ሦስት ሽማግሌዎች ነው። ከሦስቱ አንዱ፣ የተቀዳደደ ልብስና የጎማ ቦት የማይለየው ኮምፖ፣ ጎረቤቱን ኖራን ይወዳል፤ እሷ ደግሞ በመጥረጊያ ታባርረዋለች።

በድራማው የኖራ ሆኖ የሚታየው ቤት ከከተማዋ መሃል በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ፊት ለፊቱ ስቆም መጀመሪያ ያየሁት ደረጃውን ነው። የዚህ ሸለቆ ግንበኞች ቁልቁለቱን ለመጠቀም ሲሉ ሁለት መኖሪያ አንዱን ባንዱ ላይ ይደርቡ ነበር፤ የታችኛው ቤተሰብ በታች በር ሲገባ የላይኛው በውጭ ደረጃ ይወጣል። ኮምፖ ከታች፣ ኖራ ከላይ መኖራቸው እንግዲህ ከአካባቢው አሠራር የተወሰደ እንጂ ለቀልድ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ለተዋናይዋም ደረጃው ግማሹን ሥራ ሠርቶላቸዋል። ኖራ በሯን ከፍታ ስትወጣ ካሜራው ከታች ወደ ላይ ያያታል። እጇን አጣጥፋ ዝም ብላ ብትቆም እንኳ ትገዝፋለች። ኮምፖ አንገቱን ቀና አድርጎ ይለማመጣታል፤ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር መጥረጊያው ይቀርበዋል። ስክሪፕቱ ምንም ሳይል ማን የበላይ እንደሆነ ገብቶናል።

ካቲ ስታፍ ራሳቸው ግን ቀጭን ሴት ነበሩ። ይህን የማያውቅ ተመልካች ብዙ ነው። የኖራን ውፍረት የሰጣት ከቀሚሱ ሥር የሚለበስ ሙሌት ነው፤ ከላዩ የአበባ ቀሚስና ሽርጥ፣ ፀጉሯ ላይ ቢጎዲን፣ እግሯ ላይ ያ ዝነኛ የተጨማደደ ስቶኪንግ። ሙሌት የለበሰ ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሽበት አካሄዱ ነው፤ ልብሱ ወፍራም ሆኖ እርምጃው የቀጭን ሰው ይሆንና ተመልካች ወዲያው ያውቀዋል። የኖራን ክፍሎች ስታዩ ትከሻዋንና ዳሌዋን ተመልከቱ፤ ስትዞር ሙሉ ሰውነቷ አብሮ ነው የሚዞረው። ፊቷም አይፈታም፤ ሌላው እየሳቀ እሷ ኮስተር እንዳለች ናት። በኔ እምነት ሚናዋን ከስቶኪንጉ በላይ የተሸከመው ይህ ነው።

ካቲ ስታፍ የተወለዱት በ1928 ከኮረብታዎቹ ማዶ፣ ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ዳከንፊልድ ሲሆን የልጅነት ስማቸው ሚኒ ሂጊንቦተም ነው። ወደ ቴሌቪዥን የመጡት በየከተማው ከሚዞሩ የቲያትር ቡድኖች ነው። በ«ኮሮኔሽን ስትሪት» ቬራ ሆፕኪንስን፣ በ«ኦፕን ኦል አወርስ» የሱቅ ደንበኛዋን ሚስስ ብሉወትን ተጫውተዋል። በ«ክሮስሮድስ» ደግሞ ደጓ ዶሪስ ሉክ ነበሩ። ደግ ሴትና ኮስታራ ሴት በነዚያው ዓመታት ጎን ለጎን መያዝ ቀላል አይደለም፤ ተመልካች አንዷን በሌላዋ አለመቀየሩ ለችሎታቸው በቂ ምስክር ነው።

ደረጃውን ወጥቶ በሩን ከፍቶ የኖራን ሳሎን አያለሁ ብሎ የሚመጣ ያዝናል። የውስጡ ትዕይንት የተቀረጸው እዚህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደጅ ደጁን እዚህ ይቀርጹና የቤት ውስጡን በቢቢሲ ስቱዲዮ ተመልካች ፊት ይሠሩ ነበር፤ የደጁም ፊልም ለዚያው ተመልካች ታይቶ ሳቁ ይቀዳል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ስቱዲዮው ቀርቶ ያለቀለት ክፍል ለተመልካች እየታየ ሳቁ ተቀዳ። ለተዋናይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ መንገድ ዳር ላይ የሚስቅ ሰው የለም፣ ስለዚህ ሳቁ የሚመጣበትን ቦታ በግምት ትተዋለህ። ካሳጠርከው የሚቀጥለው ቃል በሳቅ ይዋጣል፤ ካስረዘምከው ትዕይንቱ ይሞታል። የኖራ ረጅም ግልምጫ ይህን ክፍተት በሚገባ ይሞላዋል።

ቤቱ አሁን ለእንግዳ የሚከራይ ማረፊያ ነው፤ ሰው ስላለበት ፎቶ ከታች ማንሳት ይሻላል። በድራማው የምናውቀው የሲድ ካፌ መሃል ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው፤ ሻይና ስኮን የሚቀርብበት የምር ካፌ ሆኗል። ጉልበት ያለው ከዚያ ወደ አፐርቶንግ መንደር ይውጣ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከመውጣት በፊት ውኃ መያዝ ነው። በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በ1999 ያረፉት ቢል ኦወን፣ ማለትም ኮምፖ፣ ተቀብረዋል፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሌላውን፣ ክሌግን፣ የተጫወቱትና በ2017 ያረፉት ፒተር ሳሊስም ከጎናቸው ናቸው።

ካቲ ስታፍ ኮምፖ ከሞተ በኋላም ሚናውን አልጣሉትም። «ክሮስሮድስ» እንደገና ሲጀመር ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ ሄደው ተመልሰዋል፤ ያቆሙት በ2008 ጤናቸው ሲታወክ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ በ80 ዓመታቸው አረፉ። ወደ ሆልምፈርዝ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ከ1970ዎቹ አንድ ክፍል፣ ከ2000 በኋላ ደግሞ ሌላ ክፍል አይቶ ይምጣ። በመጀመሪያው ኖራ የምታባርረው ኮምፖ አለ፤ በሁለተኛው የለም፣ እሷ ግን ያንኑ ትከሻና ያንኑ ፊት ይዛ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሻይ ትጠጣለች።