ማርቆስ ላይ የቀሩት አምስት ዘፈኖች

አንድ ዘፋኝ ዓርብ ማታ ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ዘፈነ። እሑድ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ሞላው። የመግቢያው ዋጋ በሁለቱም ከተሞች አንድ ነበር። የዘፋኙን ስም አልጠራም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ሰው ነው፣ ቅሬታዬም ከዚያው ከመውደዴ የመጣ ነው።

መንገዱ ሰላም የነበረ ጊዜ ነው፤ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን። ከጓደኛዬ ጋር ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥተን ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው፦ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። በጃፓኖች እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ሽቅብ ወደ ደጀን ስንወጣ ሹራቡ ተመልሶ ይለበሳል። ከተሳፋሪው ስድስት ያህሉ ለኮንሰርቱ የሚሄድ ነበርና ክርክሩ እዚያው በረሃው ውስጥ ተጀመረ።

ጓደኛዬ ዘፋኝ በየከተማው አንድ ዓይነት የዘፈን ዝርዝር ይዞ መዞር አለበት ባይ ናት። «ባንዱ የተለማመደው እሱን ነው። ደግሞ የማርቆስ ሰው ስንት ዓመት ጠብቆ የሚወደውን ዘፈን ሳይሰማ ይመለስ?» ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን አልተዋጠለትም። ፊሽ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ 13 ምሽት ተጫውቶ አንድም ዘፈን እንዳልደገመ ነገረን። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሄልሲንኪ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ተጫውቷል፤ ሕዝቡ ካርቶን ላይ ጽፎ የሚያነሣለትን ዘፈንም እየተቀበለ ይዘፍናል አለን።

«እንግዲያማ ካርቶኑ እንደ አዝማሪ ቤቱ ‹ተቀበል› ማለት ነው» አሉ ጋቢ የለበሱ አባት። እሳቸው ኮንሰርት የሚሄዱ አልነበሩም፤ ሉማሜ ወራጅ ናቸው።

ማርቆስ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሕዝቡ ግን ሦስት ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ከአማኑኤል ከተማ ድረስ የመጣችው ለአንድ ትዝታ ብላ ነው፤ ባሏ አረብ አገር ሳለ በስልክ ያሰማት የነበረ ዘፈን። ዘፋኙ ወጣ፣ ሜዳው በእስክስታ ተናወጠ፤ ከዚያ ገና ሰው ሲሞቅ «እወዳችኋለሁ» ብሎ ገባ። «ይደገም! ይደገም!» አልን። የመለሰልን የሜዳው መብራት ነው። ሴትዮዋ መሐረቧን ጨብጣ መድረኩን ማየቷን አላቆመችም።

ገመድ ከሚጠቀልሉት ልጆች አንዱን ለምኜ ከድምፅ ማጉያው ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን ወረቀት ተቀበልኩት። 15 ዘፈን በእጅ ተጽፏል። ከአሥረኛው በታች ያሉት በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዘዋል፤ ትዝታዋ 13ኛ ላይ ነበረች። ቀዩ ቀለም ገና እጅ ይነካል።

በማግሥቱ ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ የቅኔ ተማሪ አግኝቼ ነገሩን አጫወትኩት። እነሱ ዘንድ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ አዲስ ቅኔ ሲያሰናዱ፣ እነሱ እንደሚሉት ሲቆጥሩ፣ የሚያድሩት ለዚህ ነው። ስለ ዝግጅቱ ማጠር ስጠይቀው ግን ያልጠበቅሁትን አለኝ። «እህቴ፣ ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ናት፤ መወድስ የሚባለው ስምንት። ጉባኤ ቃና አጠረች ብሎ የሚንቃት የለም። መወድስ ጀምሮ አራተኛው ቤት ላይ የሚያቆም ግን የለም።»

እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ዝርዝሩ ይለዋወጥ፣ ደስ ይለኛል፤ ጎጃም መጥቶ የጎጃምን ምት ቢያስቀድም፣ ሌላ ቦታ ሌላውን ቢያስቀድም መብቱ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ እዘፍናለሁ ብሎ ቢያዘጋጅም አይከፋኝም። የትንሹን ከተማ ዘፈን ሰርዞ ለትልቁ ማቆየት ግን መለዋወጥ አይባልም።

ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፈን ኮሶበር ላይ ለምሳ ስንወርድ የባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች አገኘነው። የዘፈኖቹ ምት ኪቦርዱ ላይ በተራ ስለተጫነ መሐል ላይ ቅደም ተከተል መቀየር እንደሚያስቸግር በትዕግሥት አስረዳን። ዓርብ ዕለት ደግሞ የዘፋኙን ጉሮሮ ብርድ መትቶት ነበር አለን። አዘንኩለት፤ ከልቤ። ነገር ግን ይህንኑ በማይክራፎኑ አንድ ቃል ቢነግረን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ራሱ ይዘፍንለት ነበር፤ ግጥሙን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

ባሕር ዳር ላይ 15ቱንም ዘፈነ፣ ሁለት ጨመረ። ትዝታዋን ሲጀምር ጓደኛዬ እጄን ያዘች። አምሮበት ነበር፤ እኔ ግን የማስበው የአማኑኤሏን ሴት ነበር።

ከዚያ አዝማሪ ቤት ገባን። ማሲንቆ የያዘው ልጅ እየዞረ እኔ ጋ ሲደርስ «ተቀበል» አልኩት፦

ከማርቆስ መጣሁኝ ብርዱን ተሸክሜ፣
የጎደለኝ ዘፈን አለብህ ወንድሜ።

ተቀብሎ ደገመው፣ ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «የትኛው ነው የጎደለሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ማሲንቆውን ወደ ትዝታ ቃኘና ጀመረ፤ ዜማው ሲያልቅ ከራሱ ግጥም እየጨመረ ቀጠለ፣ የአማኑኤልን ስም አስገባበት። ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። የሴትዮዋን ቁጥር ግን አልተቀበልኩም ነበር።